በቀን ስንት ሰዓት ሲሆን ነው በዛ የሚባለው?

ስልክና ኢንተርኔት በቀን ስንት ሰዓት ሲሆን ይበዛል ብዬ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ ተደራርበው አሁን መነሻው ጠፍቷል። አዲስ የሚገባ ሰው 3ኛውን መልስ አንብቦ 4ኛውን ሳያይ ጠብ ይጀምራል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ ከላይ ጀምሬ በራሴ አነጋገር ልተርክ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ያሳጠርኩት ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ።

የመክፈቻው ጽሁፍ

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንድ ማታ ስልኬ ውስጥ ያለውን የአጠቃቀም ቆጣሪ እንዲሁ በጨዋታ ከፈትኩት። ከመክፈቴ በፊት ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ተወራርጄ ነበር፤ ቢበዛ 3 ሰዓት ቢሆን ነው አልኩት። ቆጣሪው 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይላል። ያውም ላፕቶፑን ሳይጨምር። ዝርዝሩን ሳየው ደግሞ ወደ 2 ሰዓት የሚጠጋው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ምን ሳይ እንዳመሸሁ ብጠየቅ አንዱንም አላስታውስም።

ጠዋት ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል። አንገቴ ይደርቃል። ክፍል ውስጥ የመምህሩ ድምፅ ይሰማኛል እንጂ የሚለው አይገባኝም። ግሬዴም ቀስ በቀስ እየወረደ ነው። ስለዚህ ጠየቅኩ፤ በቀን ስንት ሰዓት ሲሆን ነው በዛ የሚባለው? ከዚህ ካለፈ ጤና ይጎዳል የሚባል ቁርጥ ያለ ቁጥር አለ ወይ? ቁጥሩ ቢነገረኝ ልክ እዚያ ላይ ስልኬን ዘግቼ የምተኛ መስሎኝ ነበር። የዋህነት ነው።

መልስ 1

በ4 ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ልጁ ጨዋ ነው። በግልጽ በመጻፌ አመሰገነኝና የሱ ቆጣሪ 9 ሰዓት እንደሚል ነገረኝ። ከዚያ ሌላ ምንም አላለም። ጥያቄዬን ባይመልስም ቀለል አለኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

መልስ 2

ነርስ ናት። የክሩን ግማሽ የተሸከመችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። የኢንተርኔቱን ሰዓት ትቼ የእንቅልፌን ሰዓት እንድቆጥር መከረችኝ፤ እንቅልፍ ቁጥር አለውና። ከ18 እስከ 25 ዓመት ላለ ሰው የሚመከረው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው። እኔ 5 እንኳ አልሞላም።

በዚህ ዕድሜ የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ሌሊት ያዘነበለ መሆኑንም አስረዳች። ከልጅነት ጀምሮ እየዘገየ ይሄድና 20 ዓመት ግድም ላይ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ እያለ የሚመለሰው። ስለዚህ የግቢ ተማሪ ማምሸቱ ሁሉ ጥጋብ አይደለም። ስልኩ የሚመጣው ቀድሞም ባዘነበለ ነገር ላይ ነው።

ከዚያ በ2014 መጨረሻ የወጣ አንድ ሙከራ አነሳች። 12 ሰዎች ለአምስት ምሽት ከመኝታ በፊት 4 ሰዓት ያህል ብርሃን በሚሰጥ ታብሌት መጽሐፍ አነበቡ። ለሌላ አምስት ምሽት ደግሞ የወረቀት መጽሐፍ። ታብሌት ባነበቡባቸው ምሽቶች ሰውነትን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በማግስቱ ማታም ሆርሞኑ መጨመር የሚጀምርበት ሰዓት በአንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ። እንቅልፍ እስኪወስዳቸው የጨመረባቸው ጊዜ ግን 10 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ነርሷ ይህን አልደበቀችም። ሰዎቹ 12 ብቻ መሆናቸውን፣ 4 ሰዓት ሙሉ በደማቅ ብርሃን ማፍጠጣቸውንም ራሷ አስቀድማ ተናገረች። በሷ ግምት ከብርሃኑ የባሰው ሌባ ስክሪኑ ውስጥ ያለው ነገር ነው። መጽሐፍ ምዕራፉ ያልቃል። ስልኩ አያልቅም።

መልስ 3 እስከ 6

3ኛው በእርግጠኝነት የሚናገር ዓይነት ሰው ነው። ሰማያዊ ብርሃን ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የኋላ ክፍል፣ እንደሚያቃጥል፣ እኔም ቶሎ ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክል መነጽር ካላደረግሁ በ30 ዓመቴ እንደምታወር አስጠነቀቀኝ። ያን ሌሊት እውነትም ፈራሁ።

4ኛዋ ዓይን ትመረምራለች። በትህትና ነው ያረመችው። የአሜሪካ የዓይን ሕክምና አካዳሚ አቋም ከስክሪን የሚወጣ ብርሃን ዓይንን ለመጉዳቱ ማስረጃ የለም የሚል መሆኑን ጠቀሰች። ከፀሐይ የምናገኘው ሰማያዊ ብርሃን ከስክሪኑ እጅግ ይበልጣል። የሚቆረቁረን መርገብገብ ስለምንረሳ ነው። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ይህ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። እንባው ይደርቃል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል። መድኃኒቱ ነጻ ነው፤ በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት። ስለ መነጽሩም የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2023 17 ሙከራዎችን አሰባስቦ መርምሮ፣ በአጭር ጊዜ የዓይን ድካምን ለመቀነሱ ማረጋገጫ እንዳላገኘ ጨመረች።

5ኛው መልስ የ3ኛው ሰው ቁጣ ነው። መነጽሩን ካደረገ ወዲህ የዘመናት ራስ ምታቱ ለቆታል፤ ታዲያ ማንን ይመን? 6ኛው ላይ ሴትየዋ ተመልሳ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፤ መነጽሩ ቁጥር አለው ወይ? አለው። ሲገዛ ዓይኑን ተመርምሮ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሰውየውን የገላገለው ሳያውቀው የኖረበት የማየት ችግር መታረሙ ነው እንጂ የሰማያዊው ነገር አልነበረም ማለት ነው። እሱም ከዚያ በኋላ ስለ ሬቲና አልጻፈም። ጨዋ ሽንፈት።

መልስ 7 እና 8

7ኛዋ እናት ናቸው። ልጃቸው ግቢ ከገባ ወዲህ ሲደውሉለት አያነሳም። ሲያነሳም ከጀርባው የጌም ድምፅ ይሰማል። ሁለት ኮርስ ወድቋል። የዓለም ጤና ድርጅት የኢንተርኔት ሱስን በሽታ ብሎ ማወጁን ሰምተዋል። ልጃቸውን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት ወይስ ይቆጡት? አጻጻፋቸው ውስጥ ድካም ነበረበት። ለጥቂት ሰዓት ማንም አልመለሰላቸውም።

በ8ኛው ላይ አንድ የሥነ ልቦና ተማሪ ረጅም ጻፈላቸው። እርስዎ እያለ፣ በጥንቃቄ። የሰሙት ግማሹ ትክክል ነው። ድርጅቱ በ11ኛው የበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው የጌም ሕመምን ነው፤ ዝርዝሩ በ2019 ጸድቆ ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በደፈናው የኢንተርኔት ሱስ የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2013 መመሪያው የኢንተርኔት ጌምን ያስቀመጠው ገና ጥናት የሚያስፈልጋቸው በተባሉት ዘርፍ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ወሳኞቹ ምልክቶች ሦስት ናቸው። ሰውየው ጌሙን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ጌሙ ከሌላው የሕይወቱ ጉዳይ ሁሉ ይቀድማል፤ ጉዳቱን እያየም ይቀጥላል። ያም ብዙውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው።

እዚህ ላይ ልጁ ትንሽ ከመንገድ ወጣ፤ እኔ ግን ወደድኩለት። የኢንተርኔት ሱስ ሕመም የሚለው ስም የተወለደው በቀልድ መሆኑን ተረከ። በ1995 ኢቫን ጎልድበርግ የተባለ የኒውዮርክ የሥነ አእምሮ ሐኪም የሕክምና መመሪያዎችን አጻጻፍ ለማሾፍ ብሎ ፈለሰፈው። ከምልክቶቹ አንዱ ጣቶች በፈቃድም ያለ ፈቃድም የመተየብ እንቅስቃሴ ማድረጋቸው ነበር። ሰዎች ግን ከምር ወሰዱት። በዓመቱ ኪምበርሊ ያንግ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ጉዳዩን ለሙያ ጉባኤ በጥናት አቀረበችው። በ1998 ደግሞ 20 ጥያቄ ያለው መለኪያዋን አወጣች። ዛሬም ድረስ ተማሪዎች ላይ የሚሠሩ ጥናቶች ያንኑ መለኪያ ይጠቀሙበታል።

እናትየውን ሲመልስላቸው፣ ከመቆጣትዎ በፊት ልጁ ጌሙ ውስጥ ምን እንደሚያገኝ ይጠይቁት አላቸው። ብዙ ጊዜ ኮርሱ ሲከብድ ነው ጌሙ የሚጣፍጠው። እናትየው አመስግነው ወጡ። ልጁ ምን እንደሆነ አልሰማንም።

መልስ 9 እና 10

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የተቀወጠው። 9ኛው፣ ይህ ሁሉ ሐተታ የስንፍና መሸፈኛ ነው ባይ ነው። እሱ ሲማር ሌሊቱን ሲቸክል እንጂ ሲያለቅስ አላደረም። ስልኩን ዘግቶ መጽሐፍ መክፈት ጥናት አያስፈልገውም። የእኛን ትውልድ በሁለት መስመር ቀብሮን ሄደ።

10ኛዋ ፕሮግራም የምትሠራ ልጅ ናት። ስንፍና መኖሩን አልካደችም። ግን ተጠቃሚው እንዳይወጣ ተብሎ በተሠራ ነገር ፊት ሰነፍ መባል እንደሚያናድዳት ጻፈች። ድሮ ገጽ ታች ላይ ያልቅና ወደ ሚቀጥለው ለመሄድ መጫን ያስፈልግ ነበር። በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ ባለሙያ ማለቂያ የሌለውን ስክሮል ሠራ። በኋላ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። ያቺ ትንሽ ማቆሚያ፣ ልቀጥል ወይስ ልተኛ የምትለዋ ቅጽበት፣ ጠፋች። ሲጎትቱት ምን እንደሚመጣ አለመታወቁም እንደ ሎተሪ ነው። ሁልጊዜ ጥሩ ነገር ቢመጣ ይሰለቻል፤ አልፎ አልፎ ሲመጣ ነው እጅ የማያርፈው። ነርሷ ስልኩ አያልቅም ያለችው ይህንኑ ነው አለችና ወደ 2ኛው መለሰችን።

መልስ 11 እስከ 15

11ኛው መምህር ናቸው። በጨዋ ቋንቋ ነው የገቡት። ችግሩ ዶርም ውስጥ ብቻ አለመሆኑን፣ ክፍል ውስጥ ከፊታቸው የሚያዩት የተማሪ ፊት ሳይሆን የላፕቶፕ ጀርባ መሆኑን ጻፉ። በ2013 ካናዳ ውስጥ የተሠራ ሙከራ ጠቀሱ። ትምህርት እየተሰጠ ላፕቶፑ ላይ ሌላ ነገር ሲነካካ የነበረ ተማሪ በፈተናው 11 በመቶ ዝቅ አለ። የሚገርመው የጎረቤቱ ነው። ራሱ ምንም ሳይነካ የሌላ ሰው ስክሪን ከፊቱ ስለነበር ብቻ 17 በመቶ ዝቅ ያለው እሱ ነው። ስለዚህ መምህሩ ስልክና ላፕቶፕ ከክፍል ይውጣ ይላሉ።

12ኛዋ አልማረቻቸውም። ስላይዱ በስልክ ይላካል። የክፍል ለውጥ በቴሌግራም ይነገራል፣ ያውም ማታ 5 ሰዓት ላይ። አሳይመንቱ የሚዘጋው እኩለ ሌሊት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። አንድ ጊዜ ለዲሲፕሊን ብላ ስልኳን ዘግታ ተኝታ ጠዋት ኩዊዝ ወደ 2 ሰዓት መዛወሩን ሳታውቅ ቀረች። መምህሯ ማስታወቂያ ተለጥፏል አላት፤ በቃ። በስልክ እያሰሩ በስልክ ይወቅሱናል፤ ነገሯ ባጭሩ ይኸው ነው። ቃላቷ ከዚህ የከረሩ ናቸው፤ እኔ አለሳልሼዋለሁ። ይህ መልስ ከሁሉ የበለጠ ድጋፍ አገኘ። እኔም ደግፌዋለሁ፣ አልዋሽም።

መምህሩ በ13ኛው ተቆጡ። መብትና ግዴታ የሚል ነገር ተጻፈ። 14ኛው የመምህሩን ስላይድ ዕድሜ ጠየቀ። 15ኛው አወያዩ ነው። ሁለት ጽሁፍ አንስቶ ሁላችንንም ቀዝቀዝ በሉ አለን።

መልስ 16 እና 17

እነዚህ ሁለቱ አጫጭር ናቸው፤ ብዙ ሰውም ዘሏቸዋል። 16ኛው ዓይኑ የማያይ ተማሪ ነው። የሱ መጻሕፍት በስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ጽሁፉን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚነበቡት ናቸው። ላፕቶፑ ከክፍል ይውጣ ማለት ለሱ ዓይንህን ውጭ ጥለህ ግባ ማለት ነው። በቀን 11 ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ነው፤ በማንም መለኪያ ግን ሱሰኛ አይደለም። ስለ ሰዓት ቁጥር የጠየቅኩትን ጥያቄ ያፈረሰልኝ እሱ ነው። ስንት ሰዓት የሚለው ብቻውን ምንም አይነግርም።

17ኛዋ ፍሬሽማን ናት። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ያለፈችው በየማታው ከእህቷ ጋር በቪዲዮ እያወራች ነው። ዶርሟ ውስጥ ቋንቋዋን የሚናገር አልነበረም። ያ ጥሪ ባይኖር ጥላ ትሄድ ነበር። ቀጥሎ ግን ያልጠበቅኩትን ጨመረች። አሁን ጓደኞች አሏት፤ ጥሪው ግን በሌላ ተተክቷል። እህቷን ዘግታ ስትተኛ ወደ ሰው ፎቶ ትገባለች። ከእህቷ ጋር ካወራች በኋላ ጥሩ ስሜት ይሰማታል። ከፎቶዎቹ በኋላ ግን ሁሉም ሰው ደስ ብሎት እሷ ብቻ የቀረች ይመስላታል። ስልኩ ያው አንድ ስልክ ነው።

መልስ 18 እስከ 21

18ኛው ኢኮኖሚክስ የሚያጠና ነው። የፍሬሽማኗን ስሜት በትልቁ የለካ ጥናት አለ ብሎ መጣ። ፌስቡክ በየካቲት 2004 ሐርቫርድ ላይ ተከፍቶ፣ ወደ ሌሎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሄደው ተራ በተራ ነው። ስለዚህ ፌስቡክ የደረሰውን ግቢ ገና ካልደረሰው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ብራጊየሪ፣ ሌቪ እና ማካሪን በ2022 ባሳተሙት ሥራ ይህንኑ አደረጉ። ፌስቡክ ግቢ ሲደርስ የተማሪዎች የአእምሮ ጤና፣ በተለይ ድብርት፣ ተባባሰ። የተጽዕኖው መጠን ሥራ ማጣት ከሚያደርሰው ጉዳት አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ምክንያቱ ራስን ከሌላው ጋር ማወዳደር ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ያን ጊዜ ስማርትፎን እንኳ እጃችን አልገባም ነበር። ከሁሉም መልሶች ቁጭ ብዬ ያሰብኩበት ይኼኛው ነው። ሰው ራሱ ፈልጎ ስላበዛ ነው የደበረው ወይስ ደብሮት ነው ያበዛው የሚለውን ክርክር በዘዴ ያልፈዋል፤ ፌስቡክ መቼ ግቢው እንደሚደርስ የመረጠው ተማሪው አይደለምና።

19ኛው ተቃዋሚ ነው። በ2019 ኤሚ ኦርበን እና አንድሪው ፕርዚቢልስኪ ከ350 ሺህ በላይ ታዳጊዎችን መረጃ መርምረው፣ ታዳጊዎቹ በአእምሮና በስሜት ደህና በመሆን ካላቸው ልዩነት ከዲጂታል ቴክኖሎጂ ጋር የሚያያዘው ቢበዛ 0.4 በመቶ ነው ብለዋል። ድንች መብላት ከዚያው ስሜት ጋር ካለው ግንኙነት የሚቀራረብ ቁጥር ነው። እኛ እዚህ ስለ ድንች ነው የምንጨቃጨቀው ብሎ ሙድ ያዘብን።

20ኛዋ ስለታም ናት። በመጀመሪያ ያ ጥናት ታዳጊዎች እንጂ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ አይደለም። ሁለተኛ፣ አማካይ ቁጥር የ16ኛውን ሰው 11 ሰዓትና የ17ኛዋን የሌሊት ፎቶ አንድ ላይ ያማታል፤ አንዱ የሚድንበት ሌላው የሚጎዳበት ተጣፍቶ ዜሮ ይመስላል። ሦስተኛ፣ እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው ሰው በቃሉ የተናገረውን ሰዓት ነው የሚወስዱት። ሰው ደግሞ የራሱን አያውቅም። ለዚህ ማስረጃ አድርጋ የጠቀሰችው እኔን ነው፤ 3 ሰዓት ብሎ የተወራረደውንና 6 ሰዓት ከ40 ያገኘውን። ትክክል ናት። ውርርዱን እስካሁን አልከፈልኩም።

21ኛው አስታራቂ ሆኖ ገባ። በ2018 ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 143 ተማሪዎች ተሳትፈው ነበር። ግማሾቹ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን እያንዳንዳቸውን በቀን ለ10 ደቂቃ ብቻ እንዲጠቀሙ ተደረገ። በ3 ሳምንት ውስጥ ብቸኝነታቸውና ድብርታቸው ቀነሰ። ጨርሰው አልተዉም፣ ቀነሱ እንጂ። እኔን የሳበኝ ሌላው ወገን ነው። እንደ ልማዳቸው የቀጠሉትም ጭንቀታቸው ትንሽ ወርዷል። አጠቃቀማቸው እየተቆጠረ መሆኑን ማወቃቸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም የሠራው።

መልስ 22 እስከ 26

22ኛው የተጻፈው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ነው። ስም የለውም። ከሁለት ሳምንት በላይ ክፍል አልገባም። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ስልክ ያያል፣ የሚያየው ነገርም አያስደስተውም። ዶርም ውስጥ ያሉት ሱሰኛ ይሉታል። እሱ ግን ስልኩን ቢያስቀምጠው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ጥያቄ አልጠየቀም። እንዲሁ ነው የጻፈው።

እስከዚያ ድረስ ሲሳደቡ የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ።

ነርሷ በ23ኛው ተመለሰች። ስለ ስልኩ አንድም ቃል አላነሳችም። መክፋቱ ነው የቀደመው ወይስ ስልኩ፣ ያ ኋላ ይታያል አለችው። ደስታ ማጣትና መክፋት ቀኑን ሙሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ይታከማል። ግቢው የምክር አገልግሎት ወይም ክሊኒክ ካለው ነገ ጠዋት እንዲሄድ፣ ብቻውን ከከበደው አንድ ሰው ይዞ እንዲሄድ ነገረችው። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣበት ደግሞ እስኪነጋ እንዳይጠብቅ፣ አጠገቡ ያለውን ሰው ቀስቅሶ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንዲሄድ። 24ኛው ላይ 1ኛው ልጅ፣ ያ ባለ 9 ሰዓቱ፣ እሱም አምና እንዲሁ እንደነበር ጻፈ። 25ኛው ላይ ደግሞ ማንን አየሁ? ስንፍና ነው ያሉትን 9ኛውን ሰው። ይቅርታ አልጠየቁም። ልጁን ግን ወንድሜ ብለው ጠርተው፣ ጠዋት ክሊኒክ መድረሱን እንዲነግራቸው ለመኑት።

26ኛው የዚያው ልጅ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በአንድ መስመር። ሄዷል።

መልስ 27 እስከ 30

ከዚያ በኋላ ክሩ ወደ ሌላ ነጎደ። አንዷ፣ እሷ በጊዜ እየተኛች የላይኛው አልጋ ልጅ ስልክ ብርሃን እንደሚቀሰቅሳት አማረረች። አንዱ ብርሃን ይሻላል፣ የሚያንኮራፋ አላጋጠመሽም አላት። ስለ ማንኮራፋት አንድ ሙሉ መልስ ተጻፈ፤ እዘለዋለሁ።

29ኛው ስለ አንገቴ ትዝ ያለው ብቸኛው ሰው ነው። አንገት 60 ዲግሪ ሲታጠፍ 27 ኪሎ ጭነት ያርፍበታል የሚለውን በ2014 የወጣ ስሌት ጠቀሰልኝ። ፊዚዮቴራፒ የሚሠራ ሰው በ30ኛው አስተካከለው። ቁጥሩ በኮምፒውተር ሞዴል የተሰላ እንጂ ሰው ላይ የተመዘነ አይደለም። አንገት መታጠፍ ይችላል፤ ለዚያ ነው የተሠራው። የሚያደርቀው በአንድ ቦታ ብዙ መቆየት ነው። የአውራ ጣት ጅማት ሕመምንም ጨመረ። ሰው የስልክ በሽታ ይለዋል፤ የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም ፍሪትዝ ደ ኬርቫን ግን የገለጸው በ1895 ነው። አሁን ምክንያቱ ስልክ ነው እንጂ ጣቱ ያው ጣት ነው።

መልስ 31

ይሄ የኔ ነው። የነርሷን ምክር ለአንድ ሳምንት ሞከርኩት። ቻርጀሩን ከአልጋዬ አንስቼ ክፍሉ ሌላኛው ጥግ ላይ ሰካሁት። ማንቂያ ሰዓት ተዋስኩ፤ አለዚያ ለአላርም ብዬ መልሼ ትራስ ስር አስገባዋለሁ። ከ7 ሌሊት በ4ቱ ከእኩለ ሌሊት በፊት ተኛሁ። ሁለቱን ሌሊት ተነስቼ ሄጄ አምጥቼዋለሁ። በቀረችው አንዷ ደግሞ ይህን ክር ሳነብ አመሸሁ።

አጠቃላይ ሰዓቴ ብዙም አልቀነሰም፤ ከ6 ሰዓት ከ40 ወደ 5 ሰዓት ከ50። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ግን ከ2 ሰዓት ወደ 25 ደቂቃ ወርዷል። ዓይኔ ተሽሎታል። ክፍል ውስጥ ቃላት መግባት ጀምረዋል፣ ቢያንስ እስከ 5 ሰዓት ድረስ። አንገቴ ያው ነው። ግሬዱ ገና ነው።

መልስ 32

ትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ12 ላይ አንድ ሰው፣ ያልተኛ አለ ወይ ብሎ ጻፈ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሰው መለሰለት። አንዷ ነርሷ ናት፤ እሷ እንኳ ተረኛ ስለሆነች ነው። ሁላችሁም ሂዱና ተኙ አለች።

እኔም አይቼዋለሁ። 9 ሰዓት ከ14 ላይ።